ወመዘክር፤ የአዲስ አበባ የመጀመሪያው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት

የግዕዝን ሰዋስው የተማረ ሰው በአዲስ አበባ ከተማ ሲዘዋወር አንድ የሚያስገርመው ቃል ይሰማል። «ዛሬ ወዴት ዋልህ?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ፣ «ወመዘክር ሳነብ ዋልሁ» ብሎ ይመልሳል። «ወ» የምትባለው ፊደል በግዕዝ አያያዥ ናት፤ ከሁለት ስሞች መካከል ገብታ አንዱን ከሌላው ታጣምራለች። እንግዲህ የአንድ ቤት ስም በእርሷ ከጀመረ ከፊቷ የነበረ አንድ ነገር ጠፍቷል ማለት ነው። የቅኔ መምህር ቢሰማው ተማሪውን ሳይገሥጸው አያልፍም ነበር።

የቤቱ ሙሉ ስም «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ነው። ይኸውም የመጻሕፍትና የመታሰቢያ ቤት ማለት ነው። ሕዝቡ ረዥሙን ስም ለአነጋገር እንዲመቸው ባሳጠረው ጊዜ ራሱን ትቶ ጅራቱን ያዘ፤ ለማንበብ የሚሄድበትንም ቤት በመጻሕፍቱ ሳይሆን በመዘክሩ ጠራው። ይህን ያደረገው አስቦበት ነው አንልም። ነገር ግን የዚህን ቤት ታሪክ ስንመረምር፣ በአንድ ጣራ ሥር የተዳበሉት ሁለቱ ሥራዎች፣ ማለት መጠበቅና መስጠት፣ ከመጀመሪያው አንሥቶ እርስ በርሳቸው ሲገፋፉ እናገኛቸዋለን። ስለዚህ ታሪኩን ከተከፈተበት ከ1936 ዓ.ም. ብቻ ብንጀምረው የነገሩ ሥር ሳይታይ ይቀራል።

አገራችን ከዚያ በፊት መጻሕፍት ያልነበሩባት አገር ናት ብሎ የሚያስብ ቢኖር እጅግ ተሳስቷል። በየገዳሙና በየአድባራቱ ዕቃ ቤት ነበረ፤ ዛሬም አለ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን፣ በ13ኛው መቶ ዓመት፣ የመጻሕፍት መሰብሰቢያ እንደ ነበረ የሚመሰክረው የእርሳቸው ወንጌል እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። ነገር ግን ዕቃ ቤት ማለት እንደ ስሙ የዕቃ ቤት ነው። መጽሐፉ ከመስቀሉ፣ ከጽናጽሉ፣ ከካባውና ከጥላው ጋራ ተቀምጦ፣ ቁልፉ በቄሰ ገበዙ እጅ ይኖራል። ለበዓል ይወጣል፤ ለቅዳሴና ለማኅሌት ይነበባል፤ ከዚያም ወደ ማኅደሩ ይመለሳል።

ይህን ጥብቅነት ንፍገት ነው ብሎ ለመንቀፍ መቸኮል አይገባም። አንድ ዳዊት ለመጻፍ ስንት ድካም እንደሚጠይቅ የሚያውቅ ሰው አይነቅፈውም። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ በውኃ ይነከራል፤ በእንጨት ላይ ይወጠራል፤ ይፋቃል፤ ይለሰልሳል፤ ይሠመራል። ቀለሙ ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል ተደቁሶ ተበጥብጦ ለብዙ ጊዜ ይቀመጣል። ከዚያም ጸሐፊው መቃ ብርዑን ቀርጾ፣ ጉልበቱ ላይ ብራናውን ዘርግቶ፣ ቅዱሳት ስሞችን በቀይ እየለየ ወራት ይደክማል። እንዲህ ተደክሞበት የተገኘ መጽሐፍ ቢጠፋ በምን ይተካል? ስለዚህ በብዙ ብራናዎች መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ገጽ፣ መጽሐፉን የሰረቀ፣ የባለቤቱንም ስም የፋቀ ሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ተጽፎ እናገኛለን። የድሮው ቤተ መጻሕፍት ዘበኛ ግዝት ነበረ።

ከዚህ ጋራ አንድ ሌላ ነገር መዘንጋት አይገባም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከንባብ፣ ከዜማና ከቅኔ በኋላ ያለው ከፍተኛ ደረጃ «መጻሕፍት ቤት» ይባላል። ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት የሚባሉት አራቱ ጉባኤያት በዚያ ይካሄዳሉ። ስሙን የሰማ እንግዳ መደርደሪያ የሞላበት አዳራሽ ይመስለዋል። የሚያገኘው ግን ከዛፍ ጥላ ወይም ከጎጆ ደጃፍ የተቀመጠ አንድ መምህርና ዙሪያውን የከበቡት ደቀ መዛሙርት ነው። መጽሐፉ ያለው በመምህሩ አፍ ነው፤ ትርጓሜውም «አንድም» እየተባለ ከአፍ ወደ ጆሮ ይወርዳል። መጽሐፍ ውድ በሆነበት አገር ሊቁ ራሱ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። የሚያስደንቅ ዘዴ ነው፤ ሆኖም የዕውቀቱ በር የሚከፈተው ዓመታት ለምኖ እየበላ፣ መምህሩን ተከትሎ ለመኖር ለሚችል ተማሪ ብቻ ነበረ።

መጻሕፍትን ከየቦታው አሰባስቦ በአንድ ስፍራ ለማኖር ታላቅ ሙከራ ያደረጉት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በመቅደላ አምባ በመድኃኔ ዓለም ስም ሊያቆሙት ላሰቡት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ከየአድባራቱ፣ ይልቁንም ከጎንደር፣ ብዙ ብራናዎችን አከማቹ። አሰባሰቡ በልመና አልነበረም። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. በተዘረፈችና በተቃጠለች ጊዜ የአድባራቷ መጻሕፍት ወደ አምባው ወጡ፤ የጎንደር ካህናትም ይህን በደስታ አላዩትም። እኛ ግን ነገሩን ዛሬ ስናየው ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል የሰው ንብረት በጉልበት ተወስዷል፤ በሌላ በኩል ደግሞ እንደዚያ ያለ የመጻሕፍት ክምችት በአንድ ስፍራ እምብዛም ታይቶ አይታወቅም ነበር።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የሆነው ይታወቃል። የእንግሊዝ ወታደሮች የዘረፉትን ዕቃ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች ተሸክመው ወደ ደላንታ ሜዳ አወረዱት፤ በዚያም ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ። የብሪታንያ ሙዚየም ልኮት የነበረው ሪቻርድ ሆምዝ ለሙዚየሙ ከሁሉ የተሻሉትን ይመርጥ ነበር። ከዘመቻው ታሪክ ጸሐፊዎች አንዱ የሆነው ክሌመንትስ ማርካም እንደ ጻፈው፣ ሠራዊቱ ከጫናቸው መጻሕፍት ወደ 600 የሚሆኑት በመንገድ ላይ ለጨለቆት ካህናት ተሰጡ፤ 359ኙ ግን ባሕር ተሻገሩ። በእንግሊዝ አገር ከቀሩት ብራናዎች ብዙዎቹ ዛሬ በሎንዶን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። እዚያ ማንም አንባቢ ስሙን አስመዝግቦ ሊያያቸው ይችላል መባሉ እውነት ነው፤ ግን ለደብረ ታቦር ደብተራ ይህ ምን ይጠቅመዋል?

ከተወሰዱት አንዱ ብቻ ወዲያው ተመለሰ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ለእንግሊዝ ንግሥት ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥትን እንዲመልሱላቸው ጠየቁ፤ ያለዚያ መጽሐፍ የአገራቸው ሰው እንደማይታዘዝላቸውም አስረዱ። መጽሐፉም ተመልሶ መጣ፤ በኋላም ወደ ሸዋ ተሻግሮ በአዲስ አበባ አጠገብ በእንጦጦ ራጉኤል ተቀመጠ። አንድ ንጉሥ ስለ አንድ መጽሐፍ ለሌላ መንግሥት መለመኑን ልብ ማለት ይገባል። መጽሐፍ የመንግሥት ጉዳይ መሆኑን የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አናገኝም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የወረሰችው ይህን ሁሉ ነው፤ የዕቃ ቤቱን ጥበቃ፣ የመምህሩን ጉባኤ፣ የመቅደላንም ቁስል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተከፈተው ትምህርት ቤት በንባብ ብቻ ሳይሆን በመጽሐፍ መግዛትም የሚያምን አዲስ ዓይነት ሰው ማፍራት ጀመረ። ከዚያም ራስ ተፈሪ መኰንን በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን አቋቋሙ፤ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ ስም የሚጠራው ጋዜጣ መውጣት ጀመረ፤ በዚሁ ዓመት የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። መጽሐፍ ከብራና ወደ ወረቀት፣ ከመቃ ብርዕ ወደ ማተሚያ መሣሪያ ሲሻገር ዋጋው ወረደ፤ ቅጅውም በዛ። አንድ ቅጅ ቢጠፋ ሌላ ስለሚገኝ የግዝቱ አስፈላጊነት ቀነሰ።

በዚህ ዘመን ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ለጉዳያችን የሚቀርበው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ድካም ነው። እርሳቸው በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ቈጥረው፣ ዝርዝራቸውን በአዲስ አበባ አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው እንደ ገና አወጡት። ይህ የሚደነቅ ነገር ነው። በሌላው ዓለም አስቀድሞ ቤተ መጻሕፍቱ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ካታሎጉ ይጻፋል። በእኛ ከተማ ግን የመጻሕፍቱ ዝርዝር ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ በ32 ዓመት ቀደመ። ዝርዝሩን ገዝቶ ያነበበ ሰው እነዚህ መጻሕፍት እንዳሉ ያውቃል፤ አንዱን እንኳ ልየው ቢል ግን ደጁን የሚያንኳኳበት ቤት አልነበረውም። ብላቴን ጌታም ያ ቤት ሲከፈት ለማየት አልታደሉም፤ በስደት ሳሉ በ1931 ዓ.ም. በመስከረም ወር በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ዐረፉ።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን ያዘ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በከተማይቱ ሕዝብ ላይ የደረሰው እልቂት ከመጻሕፍት ታሪክ ጋራ ሲነጻጸር መጻሕፍቱ ትንሽ ነገር ሆነው ይታያሉ፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ብዙ አንናገርም። ነገር ግን በእነዚያ አምስት ዓመታት የጽሕፈት ሚኒስቴር መዛግብትና ብዙ የታሪክ ቅርሶች ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል በ37ኛው አንቀጽ ኢጣልያ የወሰደችውን የሥነ ጥበብ ሥራ፣ የሃይማኖት ንዋይ፣ መዝገብና የታሪክ ዕቃ ሁሉ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ አዘዘ። ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት እንኳ የተመለሰው ከብዙ አሠርት ዓመታት በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. እንደ ሆነ እናውቃለን። የወረቀቱን ነገር ከዚህ መገመት ይቻላል።

እንግዲህ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ሲቋቋም፣ ሥራው በባዶ ሜዳ ላይ የተጀመረ አልነበረም፤ በተዘረፈ ቤት ላይ የተጀመረ ነበረ። የዓለም ጦርነት ገና አላበቃም። በኮተቤ የመጀመሪያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተከፈተ አንድ ዓመት እንኳ ያህላል አያህልም። የአገሪቱ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል። በዚህ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ከራሳቸው የመጻሕፍት ስብስብ ሰጥተው ቤቱ ለሕዝብ እንዲከፈት አደረጉ።

«ለሕዝብ» የሚለው ቃል ቀላል ይመስላል። ነገር ግን እስከዚያ ቀን ድረስ በዚህች ከተማ መጽሐፍ የሚያገኘው ሰው አንድ ዓይነት ዝምድና ያለው ነበረ፤ ወይ የደብሩ አገልጋይ፣ ወይ የትምህርት ቤቱ ተማሪ፣ ወይ የሚስዮኑ ምእመን፣ ወይ የመኳንንቱ ቤተሰብ። የማንም ያልሆነ ሰው፣ ከመርካቶ ወይም ከጉለሌ የመጣ ፊደል የቈጠረ ሰው፣ ገብቶ መጽሐፍ ስጡኝ የሚልበት የመንግሥት ቤት አልነበረም። እኛ በዚህ ቤት ታሪክ ውስጥ ትልቁን ነገር የምናየው በዚህ ነው። በ1936 ዓ.ም. አዲስ የሆነው መጽሐፉ ሳይሆን ጠያቂው ነው።

ሆኖም ቤቱ ሲመሠረት የተሰጠው ስም፣ ከፍ ብለን እንዳመለከትነው፣ ድርብ ነው። የንባብ መጽሐፍ፣ የብራና ቅርስ፣ የመንግሥት መዝገብና የመታሰቢያ ዕቃ በአንድነት የሚጠበቁበት ቤት ሆነ። አገሩ ሁሉ በተዘረፈበት ማግሥት፣ ገንዘቡም ሰዉም በጠበበበት ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ የተለየ ቤት ይሠራ ማለት ቅንጦት ይሆን ነበር። ስለዚህ መሥራቾቹን አንነቅፍም። ነገር ግን የዕቃ ቤቱ ጠባቂና የአንባቢው አገልጋይ አንድ ሰው ሲሆን ምን ይደረጋል? ቅርሱን የሚጠብቅ ሰው ልቡ መጽሐፉ ባይነካ ይወዳል። አንባቢን የሚያገለግል ሰው ደግሞ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ ጠርዙ ሲያረጅ ደስ ይለዋል። ሁለቱን መንፈስ በአንድ ሰው ላይ ማኖር አስቸጋሪ ነው። ቄሰ ገበዙና ባለ ካርዱ በአንድ ወንበር ተቀመጡ ብንል ነገሩን ያጋነንነው አይመስለንም።

በዚህ ቤት ካገለገሉት መካከል ሁለቱን መንፈስ የሚወክሉ ሁለት ሰዎችን ማንሣት እንወዳለን። አንዱ ከበደ ሚካኤል ናቸው፤ የቤቱ ዳይሬክተር ሆነው ሠርተዋል። «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የተባለውን መጽሐፍ በ1946 ዓ.ም. ያወጡት እኒህ ደራሲ፣ ወጣቱ የዓለምን ዕውቀት በአማርኛ እንዲያገኝ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጻፉ ናቸው። ለእርሳቸው መጽሐፍ ማለት የሚሰጥ ነገር ነበረ።

ሁለተኛው አባ ጄሮም ገብረ ሙሴ ናቸው። እኒህ ሊቅ በ1924 ዓ.ም. ክረምትና ከዚያም በኋላ፣ በማርሴል ግሪዮል ከሚመራው የፈረንሳይ የጥናት ጓድ ጋራ በጎንደር ነበሩ፤ ለጸሐፊው ለሚሼል ሌሪስም አስተርጓሚው ሆኑ። ያ ጓድ ከኢትዮጵያ ሲወጣ በመቶ የሚቈጠሩ ብራናዎችንና የጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን የግድግዳ ሥዕሎች ይዞ ወደ ፓሪስ ሄደ። አባ ጄሮም ከነጻነት በኋላ በወመዘክር ተቀምጠው የቀሩትን ብራናዎች ከሚያውቁት፣ ለሚመጣውም ተመራማሪ ከሚያስረዱት ሰዎች አንዱ ሆኑ። ስለ ጎንደሩ ነገር በልባቸው ምን እንደ ነበረ እኛ ልንናገር አንችልም። ነገር ግን መጽሐፍ ከአገር ሲወጣ በዓይኑ ያየ ሰው በመዘክር ቤት ተቀምጦ ማገልገሉ ያለ ትርጉም አይመስለንም።

ቀጥሎ ያለውን ታሪክ በአጭሩ እናልፈዋለን። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍትና በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ከፍተኛ ተመራማሪዎችን ወደ ስድስት ኪሎ ሳቡ፤ ወመዘክር ግን የከተማው ሰው ቤት እንደ ሆነ ቀረ። መጠበቅና መስጠት የተጣሉበትን ነገር በከፊል ያስታረቀው የፎቶግራፍ ጥበብ ነው። በ1962 ዓ.ም. አካባቢ የዩኔስኮ ተዘዋዋሪ ጓድ በአዲስ አበባና በጎጃም ብራናዎችን በማይክሮፊልም አነሣ። በ1966 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ደግሞ በዓመታት ውስጥ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን አነሣ፤ የዚህም ፊልም በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት ካታሎጉን ጻፉለት። በዚህ ሥራ ብራናው በዕቃ ቤቱ ይቀራል፤ ንባቡ ግን ይወጣል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በእጃቸው የጀመሩት ቈጠራ በዚህ መልክ ቀጠለ ብንል እውነት ነው።

በደርግ ዘመን መጀመሪያ በወጣ አዋጅ፣ በአገር ውስጥ ከሚታተመው ጽሑፍ ሁሉ ሦስት ሦስት ቅጅ ለቤተ መጻሕፍቱ እንዲሰጥ ተደነገገ። በ1991 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 179 ቤቱ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሥልጣን ተሰጠው። ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በእርሱ ዘንድ ከሚጠበቁት ቅርሶች 12ቱ፣ መጽሐፈ ሄኖክና ፍትሐ ነገሥት ጭምር፣ በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ተጽፈዋል። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ በ19,000 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት፣ ከተማይቱ ለንባብ ብቻ የተሠራ ታላቅ ቤት አገኘች፤ ይኸውም በ1936 ዓ.ም. በአንድ ስም የተጣመሩት ሁለቱ ሥራዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቤት ወደ ማግኘቱ ተቃረቡ ማለት ነው።

የቀድሞው ቤት ይፋዊ ስም ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተለዋወጠ፤ ድርጅት ተባለ፤ ኤጀንሲ ተባለ፤ አገልግሎትም ተባለ። ከበሩ በላይ የሚጻፈው ሰሌዳ በየጊዜው ተነሥቶ ሌላ ይሰቀላል። ሰዉ ግን ሰሌዳውን ቀና ብሎ ሳያይ «ወመዘክር» እያለ ይገባል። ይህም መጽሔት ከማተሚያ ቤት ሲወጣ እንደ ሕጉ ቅጅው ወደዚያው ይላካል፤ የዚህ ጽሑፍ አንባቢ የራሱን ቅጅ ለጎረቤት አውሶ ያልተመለሰለት እንደ ሆነ፣ ሄዶ ሊጠይቅ ይችላል።